ልጆቻችን አማና ናቸው፦ መድረሳዎቻችንና ትምህርት ቤቶቻችን ለአደጋ ተዘጋጅተዋልን?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር፤ ለአንባቢ እንዲመች ሆኖ የተጻፈ)

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይስፈን።



የዛሬው ርእሳችን ሲሰሙት በጣም ተራ ነገር ይመስላል። ስለ በርና ስለ ቁልፍ እንነጋገራለን። ነገር ግን ኢንሻአላህ እስከ መጨረሻው ከተከታተላችሁን ጉዳዩ ከእምነታችንም፣ ከልጆቻችን ሕይወትም ጋር የተያያዘ መሆኑን ትረዳላችሁ።

እኔ የምኖረው ወለንጪቲ ነው። እንደምታውቁት ከተማችን ከአዳማ ወደ አዋሽ በሚወስደው የጅቡቲ መንገድ ላይ ያለች፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የተቀመጠች ከተማ ናት። በስተጀርባችን የቦሰት ተራራ አለ፣ ወደ ምሥራቅ ስንሄድ መተሐራና የፈንታሌ ተራራ አሉ። ሁለቱም የእሳተ ገሞራ ተራሮች ናቸው። በሜዳችን ላይ ከዝናብ በኋላ መሬቱ ተሰንጥቆ ማየት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

በ2017 ዓ.ም. የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከመስከረም ወር ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬቱ ደጋግሞ ተንቀጠቀጠ። በታኅሣሥ ወር በቀን ብዙ ጊዜ የሚሰማበት ወቅት ነበር። ታኅሣሥ 26 ሌሊት 10 ሰዓት ሊሆን ሲል የደረሰው በሬክተር ስኬል 5.8 ገደማ ተለካ። የካቲት 7 ማታ እኩለ ሌሊት ሊሞላ ሲል ደግሞ 6 ገደማ የሆነ መጣ። ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። በአፋርና በኦሮሚያ አዋሳኝ ወረዳዎች ቤቶች ፈረሱ፣ መንገድ ተሰነጠቀ፣ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ከቀያቸው ተነሥተው ወደ ሌላ ቦታ ተወሰዱ። የምድር ሳይንስ ሊቃውንት ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ ከምድር በታች የቀለጠ አለት በስንጥቅ ውስጥ እየገፋ በመግባቱ ነው አሉ።

ይህ በአገራችን የመጀመሪያው አይደለም። በ1898 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በላንጋኖ አካባቢ የተነሣው ከባድ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን አናውጧል። በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ የደረሰው ደግሞ የማጀቴን ከተማ አፈራርሷል። የመጨረሻውም አይሆንም። የምንኖርበት ሸለቆ በየዓመቱ በጥቂት ሚሊሜትር እየሰፋ የሚሄድ መሬት ነው።

አድማጮቻችን፣ አንድ ነገር ልብ በሉ። ታኅሣሥ 26 እና የካቲት 7 የደረሱት ሁለቱ ከባድ መንቀጥቀጦች የመጡት ሌሊት ነው። ልጆቻችን ክፍል ውስጥ አልነበሩም። ይህ ከአላህ እዝነት ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ ወይም ከዐስር በኋላ መድረሳው ሞልቶ ሳለ ቢመጣ ኖሮስ?

ቁልፉ የነበረው በእኔ ኪስ ነው

በእኛ መድረሳ የሆነውን ልንገራችሁ። ጥፋቱ የራሴ ስለሆነ መናገሩ አያሳፍረኝም፤ ዝም ማለቱ ግን ያስጠይቀኛል።

መድረሳችን ከመስጂዱ ጎን ያለ፣ በብሎኬት የተሠራ፣ ቆርቆሮ የለበሰ አንድ ሰፊ ክፍል ነው። በሩ አንድ ብቻ ነበር፤ የብረት በር ነው፣ የሚከፈተውም ወደ ውስጥ ነበር። ከግቢው ውጭ ብዙም ሳይርቅ አስፋልቱ አለ። ከባድ መኪኖች ቀንም ሌሊትም ያልፋሉ። ትንንሾቹ ልጆች እየሮጡ ወደ አስፋልቱ እንዳይወጡብኝ፣ ትምህርት ሲጀመር በሩን ከውስጥ በጓጉንቸር ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ውስጥ አደርግ ነበር። ለልጆቹ አስቤ ያደረግሁት ነው፤ ወላጆችም ያመሰግኑኝ ነበር።

በታኅሣሥ 2017 አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ትንንሾቹ ቃዒዳ፣ ትልልቆቹ ጁዝ ዐምማ እየቀሩ ሳለ ቆርቆሮው መንኳኳት ጀመረ። መጀመሪያ ነፋስ መሰለን። ወዲያው ወለሉ ተንቀሳቀሰ። አንድ ልጅ ሲጮህ ሁሉም ተነሡና ወደ በሩ ሮጡ። እኔም ሮጥኩ። ጓጉንቸሩን ከፈትኩት፤ በሩን ግን መሳብ አልቻልኩም። በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ነው፣ ልጆቹ ደግሞ በላዩ ላይ ተደራርበውበታል። ወደ ኋላ በሉ እያልኩ እጮኻለሁ፤ የሚሰማኝ የለም።

መንቀጥቀጡ የቆየው ለጥቂት ሰኮንዶች ብቻ ነው። ግድግዳው አልወደቀም። ነገር ግን አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ከሥር ሆኖ ክንዱ ተሰበረ፣ ሌሎችም ተላላጡ። መሬት ከጎዳን ይልቅ በራችን ጎዳን።

ከዚያ የባሰው ቀጥሎ መጣ። አንዲት እናት ነጠላቸው መሬት እየጎተተ እየሮጡ መጡና፣ “ኡስታዝ፣ ልጄስ?” አሉኝ። የልጃቸውን ስም ነገሩኝ። መጥቶ እንደነበር አላስታወስኩም። በመዝገብ የያዝኩት የለም። ክፍል ውስጥ ገብተን ፈለግን፣ በመስጂዱ ጀርባ ፈለግን፣ እስከ አስፋልቱ ሰው ላክን። ግማሽ ሰዓት ያህል እኚያ እናት ፊቴን እያዩ ቆሙ፤ እኔ የምመልሰው አልነበረኝም። ልጁ ለካ ያን ቀን አያቱ ቤት ሄዶ ኖሯል። አልሐምዱሊላህ። ያ ግማሽ ሰዓት ግን እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

ማታ ክንዱ የተሰበረውን ልጅ ለመጠየቅ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። አባቱ አዝነውብኝ ይሆናል ብዬ ነበር። እርሳቸው ግን አስቀመጡኝ፣ ቡና አስፈሉልኝ፤ “ኡስታዝ፣ አይዘኑ፣ ቀደር ነው” አሉኝ። አላህ ይስጣቸው፤ ሊያጽናኑኝ ነው። እኔ ግን በመንገድ ላይ ራሴን ጠየቅሁ። የመሬቱ መንቀጥቀጥ ከአላህ ነው፣ እርሱን የሚመልስ የለም። ቁልፉን ኪሴ ውስጥ ያደረገው ግን ማን ነው? ስም ሳልመዘግብ ልጆችን የተረከበው ማን ነው? ይህን ሁሉ ቀደር ብዬ ባልፈው፣ አላህ ያዘዘኝን አማና በቀደር ስም መጣሌ አይደለምን?

መጠንቀቅ ተወኩልን አይቃረንም

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ብዙዎቻችን ስለ አደጋ ዝግጅት ሲወራ፣ “አላህ ያለው አይቀርም” ብለን ወሬውን እንዘጋዋለን። ቃሉ እውነት ነው። የምንጠቀምበት ቦታ ግን ስሕተት ነው።

በሱረቱ ዩሱፍ አንቀጽ 67 ላይ ነቢዩላህ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) ልጆቻቸውን ወደ ግብፅ ሲሸኙ የመከሯቸውን እናነባለን። በአንድ በር እንዳይገቡ፣ በተለያዩ በሮች እንዲገቡ አዘዟቸው። ይህን ካሉ በኋላ ወዲያው፣ ከአላህ ውሳኔ በምንም ሊያድኗቸው እንደማይችሉና መመኪያቸው እርሱ ብቻ እንደሆነ ተናገሩ። እስቲ አስተውሉ። ጥንቃቄውና ተወኩሉ በአንድ አንቀጽ ውስጥ፣ ከአንድ አባት አፍ ነው የወጡት። ነቢይ የሆኑ አባት ለልጆቻቸው ከአንድ በላይ በር ሲያስቡ፣ እኛ ስልሳ ልጅ በአንዲት በር መዝጋታችን ከየት የተማርነው ተወኩል ነው?

በሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 102 ላይ ደግሞ የፍርሃት ሶላት እንዴት እንደሚሰገድ ተደንግጓል። ጠላት ሲያሰጋ ከፊሉ ሲሰግድ ከፊሉ እንዲጠብቅ፣ ከዚያም እንዲቀያየሩ፣ ጥንቃቄያቸውንም እንዲይዙ አላህ አዘዘ። በምድር ላይ ከሶላት የበለጠ ወደ አላህ የምንቀርብበት ጊዜ የለም። በዚያች ሰዓት እንኳ ጠባቂ ይቁም ተብሏል።

ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከሚባለው ቦታ ሲደርሱ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ። ባልደረቦቻቸውን አማክረው ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ይህ ከአላህ ቀደር መሸሽ እንዳይሆን ጠየቁ። የዑመር መልስ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል፤ ሐሳቡ ከአንዱ የአላህ ቀደር ወደ ሌላው የአላህ ቀደር እንሸሻለን የሚል ነው። ግመሉን ሳያስር ልተወውን ብሎ ለጠየቀ ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጀመሪያ እንዲያስረው፣ ከዚያ እንዲመካ ማዘዛቸውም በቲርሚዚ ዘገባ የታወቀ ነው።

እሳትን በተመለከተም እንዲሁ። በመዲና አንድ ቤት ሌሊት በባለቤቶቹ ላይ ተቃጠለ። ይህ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲነገራቸው እሳት ጠላታችን መሆኑን አስታውሰው፣ ስንተኛ እንድናጠፋው አዘዙ። በሌላ ሐዲስ ደግሞ አይጥ የመብራቱን ክር ጎትታ ቤቱን ልታቃጥል እንደምትችል አስጠንቅቀዋል። የአላህ መልእክተኛ ስለ አይጥና ስለ መብራት ክር እስከ መናገር የደረሱት የሰው ነፍስ ቀላል ስላልሆነች ነው። በዘመናችን የመብራት ክር የተባለው፣ አምስት ሶኬት የተደራረበበት ያረጀ ዲቪደር ነው።

ከሌሎች የደረሰው

በራሳችን እስኪደርስ አንጠብቅ። በሙስሊሙ ዓለም የሆነውን እንመልከት።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 2002 በመካ ከተማ በአንድ የሴቶች ትምህርት ቤት እሳት ተነሣ። 15 ልጃገረዶች ሞቱ፤ ብዙዎቹ የሞቱት በመጨናነቅና በመረጋገጥ ነው። የግቢው በር ተቆልፎ ነበር። በተከበረችው ከተማ ውስጥም ቢሆን የተቆለፈ በር ነፍስ ያስጠፋል።

እ.ኤ.አ. መስከረም 2017 በኩዋላ ላምፑር በአንድ የቁርኣን ሒፍዝ አዳሪ ቤት ከፈጅር በፊት እሳት ተነሥቶ 21 ደረሶችና 2 መምህራን ሞቱ። መውጫው በእሳት ተዘግቶ ነበር፣ መስኮቶቹም የማይከፈት የብረት ፍርግርግ ነበራቸው። እሳቱን ሆን ብለው ያስነሡት የአካባቢው ወጣቶች መሆናቸውን ፖሊስ ገልጿል። ፍርግርጉ የተሠራው ሌባ እንዳይገባ ነው፤ ልጆቹን ግን እንዳይወጡ አደረጋቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 በላይቤሪያ ሞንሮቪያ አቅራቢያ በአንድ የቁርኣን አዳሪ ትምህርት ቤት ከ25 በላይ ሰዎች በሌሊት እሳት ሞተዋል፤ አብዛኞቹ ልጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. የካቲት 2025 ደግሞ በሰሜን ናይጄሪያ ዛምፋራ ግዛት 17 የቁርኣን ተማሪዎች በእሳት አልፈዋል። አላህ ሁሉንም ይማራቸው፣ ለወላጆቻቸውም ሶብሩን ይስጣቸው።

መንቀጥቀጥን ደግሞ ከካሽሚር እንማር። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 8 ቀን 2005፣ በረመዳን፣ ጠዋት ልጆች ክፍል በገቡበት ሰዓት መሬቱ ተናወጠ። ከ70 ሺህ በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱ ውስጥ ብዙ ሺዎቹ የትምህርት ቤት ሕንፃ የተደረመሰባቸው ተማሪዎች ነበሩ።

በሌላ በኩል ደግሞ ጃፓን ውስጥ ካማይሺ የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 2011 ከባዱ መንቀጥቀጥና የባሕር ማዕበል ሲመጣ፣ ልጆቹ አስቀድመው ደጋግመው ተለማምደው ስለነበር ትልልቆቹ የትንንሾቹን እጅ ይዘው ወደ ከፍታ ሮጡ። በዚያ ሰዓት ትምህርት ቤት የነበሩ ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ተረፉ። አዳኙ አላህ ነው፤ ሰበቡ ግን ልምምድ ነበር።

ታዲያ ምን እናድርግ?

እኛ በመድረሳችን ያደረግነውን ልንገራችሁ። ብዙ ገንዘብ አልጠየቀም።

መጀመሪያ በሩን ገልብጠን ወደ ውጭ እንዲከፈት አደረግን። ከዚያ በሌላው ግድግዳ ሁለተኛ በር አስከፈትን። ከጀማዓው አንድ በያጅ ወንድማችን ለሥራው ዋጋ አልጠየቀም፣ ብረቱን የእናቶች ጀማዓ አዋጥተው ገዙ። ይህ በር ልጅ በወጣበት ቁጥር የሚከፈል ሰደቃ ጃሪያ እንዲሆንላቸው አላህን እንለምናለን። ትምህርት ላይ ሳለን ጓጉንቸር የሚባል ነገር የለም፤ የውስጥ መቀርቀሪያ ብቻ ነው ያለው፣ እርሱንም ትንሹም ልጅ መክፈት ይችላል። ወደ አስፋልቱ እንዳይሮጡ የምንጠብቀው በቁልፍ ሳይሆን በሰው ነው። ሁለት አባቶች በተራ የግቢው በር ላይ ይቀመጣሉ። ማን እንደገባ፣ ማን ልጅ እንደወሰደ ያያሉ። ልጅ ለማያውቀው ሰው አይሰጥም፤ “አጎቱ ነኝ” ማለት ብቻ አይበቃም።

ሁለተኛ፣ መዝገብ ይዘናል። ልጅ ሲገባ ስሙ ይጻፋል፤ ሲወጣም እንዲሁ። መዝገቡ የሚቀመጠው በበሩ አጠገብ ነው፤ አደጋ ሲመጣ ኡስታዙ መዝገቡን ይዞ ይወጣል። ያቺ እናት ዛሬ ቢመጡ በሁለት ደቂቃ ውስጥ እመልስላቸዋለሁ።

ሦስተኛ፣ ከላይ የሚወድቅ ነገር አወረድን። ከባዱን የኪታብ መደርደሪያ ከግድግዳው ጋር በብሎን አሰርነው፣ ልጆች ከሥሩ አይቀመጡም። በጣሪያ ላይ የነበረውን ሮቶ ወደ መሬት አወረድነው። ያረጁትን የመብራት ሽቦዎች ባለሙያ አይቶ ቀየራቸው። ሻይ የሚፈላበት ምድጃ ከክፍሉ ወጣ፣ በበሩ አጠገብ የአሸዋና የውሃ ባልዲ ተቀመጠ። የጤና ጣቢያው፣ የፖሊስና የእሳት አደጋ ስልክ በግድግዳው ላይ በትልቁ ተጽፏል።

አራተኛና ዋናው ልምምድ ነው። በወር አንድ ቀን በዛፉ ላይ የተሰቀለው የመኪና ቸርኬ በተለየ አመታት ይመታል። መንቀጥቀጥ ከሆነ ማንም አይሮጥም። ልጆቹ ባሉበት ይንበረከካሉ፣ ከመስኮትና ከመደርደሪያ ይርቃሉ፣ ጭንቅላታቸውንና ማጅራታቸውን በክንዳቸው ወይም በቦርሳቸው ይሸፍናሉ። ዴስክ ባለበት ትምህርት ቤት ደግሞ ከሥሩ ገብተው እግሩን ይይዛሉ። ንዝረቱ ሲያቆም እያንዳንዱ ትልቅ ደረሳ ሁለት ትንንሾችን በእጁ ይዞ፣ በሁለቱም በሮች በሰልፍ ይወጣሉ። ከግድግዳ፣ ከሚናራና ከመብራት ምሰሶ ርቀው ሜዳው ላይ ይቀመጣሉ፤ ስማቸው ይጠራል። እሳት ከሆነ ግን መጠበቅ የለም። ጭስ ካለ ጎንበስ ብለው ወዲያው ይወጣሉ፤ ለጫማም ሆነ ለቦርሳ ማንም አይመለስም።

በመጀመሪያው ልምምድ ተገፋፉ፣ አንዳንዶቹ ሳቁ፣ አንዲት ትንሽ ልጅ አለቀሰች። አሁን ቸርኬው ሲመታ ኡስታዙ አፉን ሳይከፍት ያውቁታል። ልጆችን በማስፈራራት ሳይሆን በማለማመድ ነው ፍርሃታቸው የሚቀንሰው። በዚያ ሰሞን ከመተሐራ የመጡ የባለቤቴ ዘመዶች እኛ ቤት ነበሩ። ልጆቻቸው ቤት ውስጥ አንተኛም ብለው ያለቅሱ ነበር። ምን ማድረግ እንዳለባቸው ስናሳያቸውና ከመኝታ በፊት ዱዓ አብረን ስናደርግ ቀስ በቀስ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ለወላጆች

ወላጆች ሆይ፣ ከእናንተ የሚፈለገው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ልጃችሁን የምታስቀሩበትን መድረሳ ወይም የምትልኩበትን ትምህርት ቤት ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ። በሮቹን ቁጠሩ። ወዴት ይከፈታሉ? ማን ይቆልፋቸዋል? ፍርግርግ ያላቸው መስኮቶች ከውስጥ ይከፈታሉ? አዳሪ ደረሶች ያሉበት ቤት ከሆነ ይህን ሌሊት ላይ አስቡት። ስትጠይቁ በአክብሮት ጠይቁ፤ ኡስታዝ ሲጠየቅ ተነቀፍኩ ብሎ አይቀየም። እኔ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ ባገኝ ኖሮ ዛሬ ይህን ታሪክ ባልነገርኳችሁ ነበር።

ሁለተኛ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ባለው የወላጆችና የመምህራን ኅብረት ውስጥ ግቡ፣ ተሰብሰቡ፣ ይህን ጉዳይ አንሡ። በዚያ ልጆቻችን ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ልጆች ጋር በአንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። ጣሪያ ሲወድቅ ሃይማኖት አይለይም፤ የጎረቤት ሐቅም ትልቅ ሐቅ ነው።

ሦስተኛ፣ አደጋ ሲደርስ እየጮኻችሁ ወደ ክፍሉ አትግቡ። የት እንደምትረከቡ አስቀድማችሁ ከመምህሩ ጋር ተስማሙ። በበሩ ላይ የሚገፋፋ ወላጅ የሚወጣውን ልጅ ያግዳል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እያንዳንዳችን እረኛ መሆናችንንና ስለምንጠብቀው እንደምንጠየቅ አስተምረውናል። ኡስታዙ ስለ ደረሶቹ ይጠየቃል፣ አባትና እናት ስለ ልጆቻቸው ይጠየቃሉ፣ የመስጂድ ኮሚቴው ስለ በሩ ይጠየቃል። ያን ቀን “ቀደር ነበር” የሚለው መልስ፣ የሚቻለንን ላደረግን ሰዎች መጽናኛ ነው፤ ላላደረግን ግን ማምለጫ አይሆንም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ከዒሻ በኋላ አንድ ነገር አድርጉ። የመስጂዳችሁን ኮሚቴ ሰብስቡና ወደ መድረሳችሁ ሂዱ። መብራቱን አጥፉ፣ በሩን ዝጉ፤ በጨለማ ለመውጣት ሞክሩ። ለእናንተ ከከበዳችሁ ለስድስት ዓመት ልጅ እንዴት ይሆን? ከዚያ በኋላ ስለ ሁለተኛው በር ተመካከሩ።

አላህ ሆይ፣ ልጆቻችንን ከላይም ከታችም፣ ከቀኝም ከግራም ጠብቅልን። የሰጠኸንን አማና የምንወጣ አድርገን። በመንቀጥቀጡ ቤታቸው የፈረሰባቸውን ወገኖቻችንን ካሣቸው። ግመላችንን አስረን በአንተ የምንመካ ባሮችህ አድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።